የጋሽ ግራጫ መነጽር

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ስትደርስ ሟቿ ገና ከእርጥቡ ወለል አልተነሣችም። ገዳይ ነኝ ባዩ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ፣ ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ወደ ፊት እየዘረጋ። «ካቴናውን አምጪው ልጄ፤ ሰው አታድክሚ።»

ስድሳ ዓመት የሞላው ቀጭን ሰው ነው። አፍንጫው ላይ መስታወቱ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ ወፍራም መነጽር ተሰክቷል። እንባው በመነጽሩ ሥር ወርዶ አገጩ ላይ ሲጠራቀም እንኳ አይጠርገውም።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፤ አንዴ ከገባች ግን ክር ሳታስከትል አትወጣም። ሳትጠይቅ የሚሰጣትን መልስ ደግሞ አትወድም። የሰውየውን እጆች ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰችና፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አለችው። «ካቴናው የትም አይሄድም።»

ሟቿን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ነጭ» ይላታል፤ እንደ እሷ ሸሚዝ የሚያነጣ የለምና። ማሽኖቹን የሚጠግነው ባሏ «ጋሽ ግራጫ» ነው። ሰውየው ከተፈጥሮው ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ሁለቱም ለእሱ አንድ ዓይነት የደበዘዘ አፈር ናቸው። በተጋቡ ሰሞን ሊያግዛት ብሎ አርባ የሆቴል አንሶላ ከአንዲት ቀይ ካልሲ ጋር አጥቦ፣ ደረቱን ነፍቶ ገመድ ላይ አሰጣቸው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ በሮዝ አንሶላዎቹ ሲስቅ እሱ፣ «ምን ሆናችኋል? ነጭ አይደለም እንዴ?» እያለ ይጠይቅ ነበር አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጁ ልብስ ነክቶ አያውቅም።

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ከሬሳው ጎን ተነሣ። «ኮረንቲ ነው። የትልቁ ማሽን ገላ በሙሉ ኮረንቲ ነበረበት። ስፒናውን ሰክታ በእርጥብ እጇ የማሽኑን በር ስትነካ፣ ያኔውኑ አለቀ።»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ግራጫ እንደገና። «ስፒናውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ። ገመዱ አሮጌ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ። ቀዩ እሳቱን ያመጣል፣ ጥቁሩ ይመልሳል፣ አረንጓዴው ከማሽኑ ገላ ወደ መሬት ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ይሄ ቀይ፣ ይሄ አረንጓዴ' እያለች የምትለይልኝ እሷ ነበረች። ትናንት ግን ዓይን አወጣሁና 'ዛሬ እንዳትነግሪኝ፤ እኔ ራሴ አያለሁ' አልኳት።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይሄ ዋሸኝ። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ሰክቼ የምሞክረው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያውን፣ ዛፉን፣ የሰዉን ልብስ አያለሁ ብዬ ወጥቼ ዘገየሁ። እኔ ቀለም ስቆጥር እሷ በእኔ ቦታ ገባች። ሁለት ሰው ገደልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ቀና አለች። «ሁለት አሉ?»

ጋሽ ግራጫ ራሱን ነቀነቀ።

ስፒናውን ልትከፍት ስትል ካቻቪቴ አጣች። የመሣሪያ ሣጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ በክር ታስሮ የተንጠለጠለው ጋሽ ግራጫ አንገት ላይ ነው። ከእሱ ተቀብላ ከፈተች። የስፒናው ብሎን አዲስ ቢሆንም አናቱ ተልጧል፤ ካቻቪቴ ባልሆነ ነገር የተገዘገዘ ይመስላል። ውስጡን ስታይ አረንጓዴው ሽቦ እሳቱ ቦታ፣ ቀዩ ደግሞ መሬቱ ቦታ ታስረዋል። ይህ የተናዘዘው ነው። ያልተናዘዘውም ግን ነበር፦ ቀዩ ሽቦ ላይ አንድ ቋጠሮ ያለው ነጭ የስፌት ክር ታስሯል፤ ጥቁሩ ላይ ሁለት ቋጠሮ፤ አረንጓዴው ባዶውን ነው። በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ልጃቸው መጋረጃው ሥር ተኮራምታ ተቀምጣለች። ሥራዋ ዓይን ሐኪም ቤት መነጽር መግጠም ነው።

«መነጽሩን የገዛሁለት እኔ ነኝ» አለች። «ስድሳ ዓመቱን ሰኞ ሲደፍን። ተአምር አይደለም እኮ፤ ቀለም አይፈጥርም። እሱ የሚቀላቀሉበትን ቀለሞች ያራርቅለታል፣ ያውም በቀን ብርሃን። ነግሬዋለሁ።»

«ሲያደርገው ምን አለ?»

«ምንም። ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ዝም ብሎ ቆመ። ቆይቶ ቀይ ፎጣ በጣቱ ነካና፣ 'ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?' አለኝ። አዎ አባ ስለው፣ 'እናንተ እዚህ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?' ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እማ አቅፋው አለቀሱ።» ጥፍሯን መዳፏ ላይ ተከለች። «ባልገዛለት ኖሮ እማ በሕይወት ነበረች።»

«ሽቦዎቹ ላይ ያሉት ክሮች ምንድን ናቸው?»

«አንድ ቋጠሮ እሳት፣ ሁለት ቋጠሮ መላሽ፣ ባዶ መሬት። ልጅ ሆኜ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አስጠንቶኛል። እማ ቀለሙን ትነግረዋለች፣ እሱ ወዲያው ክር ያስራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው በጣቱ ነው። ቀለሙን ዞር ብሎ አያየውም።»

ቀጥላ የገባችው አምሳ ዓመት ገደማ የሆናት ወፍራም ሴት ናት።

«ሥራዎ?» አለ ማስታወሻ የሚይዘው ሸምገል ያለ ዐሥር አለቃ።

«ተኳሽ ነኝ።»

ዐሥር አለቃው እስክሪብቶውን አቁሞ አያት።

«በካውያ ነዋ፣ ጌታዬ! የልብስ ተኳሽ» አለች። ቀልዱ ከአፏ የወጣው በልማድ ነው፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

ኢንስፔክተሯ እስክትረጋጋ ጠበቀቻትና ስለ ጋሽ ግራጫ ጠየቀቻት።

«ልደብቅዎት አልችልም፤ ሌላው ይነግርዎታል» አለች ተኳሿ። «ባሌ እዚሁ አጣቢ ነበር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በረኪናው በርሜል ውስጥ አሲድ ተጨምሮበት፣ ጭሱ አፍኖ ገደለው። በቀዩ ጀሪካን በረኪና፣ በአረንጓዴው የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ ነበር። ጋሽ ግራጫ 'ተሳሳትኩ' አለ። ፖሊስም አደጋ ነው ብሎ ዘጋው።»

«ይቅር አሉት?»

«በአፌ አዎ።» ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «እትዬ ነጭን ግን እንደ እህቴ ነው የምወዳት። እሱን ብጠላ እሷ ምን አደረገችኝ?»

ስለ ክሮቹ ስትጠየቅ እሷም ሳታመነታ መለሰች፤ የካውያዋን ገመድ ሲጠግን አስተምሯታል። ጠዋት ያየችውንም ተናገረች። «እትዬን ወድቃ አገኘኋትና ጮህኩ። ወንድሟ ከመኪናው እየሮጠ ገባ፤ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። ፊቷን ሲያይ፣ 'አንቺ ነሽ እንዴ?' ብሎ ጮኸ።»

«'አንቺ ነሽ እንዴ' ነው ያለው?»

«ሰው ሲደነግጥ ምን የማይለው አለ?»

የእትዬ ነጭ ታናሽ ወንድም የቤቱ ሹፌር ነው። ከሁሉ ቀድሞ በራሱ ቁልፍ ይገባል፤ የተተኮሰውን ልብስ ጭኖ ለየሆቴሉ ያደርሳል። ኢንስፔክተሯ ያገኘችው መኪናው አጠገብ ነበር። በሩን ሊከፍት ቁልፉን ደጋግሞ ያንቀጫቅጫል፤ የቁልፉ ጫፍ ተጣሞ አልገባ ብሎታል።

«አማቼ ላይ አልፈርድም» አለ ሳትጠይቀው። «ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ነው። ያኔም ዓይኑ ነው፣ ዛሬም ዓይኑ ነው። ያንን መነጽር አትመኑ ብያቸው ነበር።»

«ሽቦዎቹ ላይ ክር ታስሯል። ለምን ይመስልዎታል?»

«ሽቦው እንዳይበተን ነዋ! ለሌላ ለምን ይሆናል?»

«ልክ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለሌላ ለምን ይሆናል።»

ከሰዓት በኋላ ወደ መዝገብ ቤት ወርዳ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ፋይል አስወጣች። ስስ ነበር፤ አራት ወረቀት ብቻ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ከግርጌው ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነው።

ያኔ ከማሠልጠኛ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። ቤቱን ሄዳ አላየችም። ጀሪካኖቹን ጭነው ጣቢያ አመጡላት፣ መዝግባ መለሰቻቸው። አንገቱን የደፋ አንድ ሰው ፊቷ ተቀምጦ «እኔ ነኝ» አላት፣ ጻፈችው። በአንድ ከሰዓት ተጠናቀቀ፤ አለቃዋም ቅልጥፍናዋን አመሰገኗት። የሰውየውን መልክ እንኳ አልያዘችውም ነበር።

አሁን የራሷን እጅ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የሰውየው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ከመጋዘን አንድ ጀሪካን ብቻ አምጥቼ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩ፤ የሁለቱም ሽታ መጋዘኑን ስለሞላው በአፍንጫ አይለይም። የያዝኩት እጀታው በሽቦ የተጠቀለለውን ነው።» በሚቀጥለው ገጽ የዕቃ ዝርዝሩ፦ «ቀይ ጀሪካን፣ ባዶ፣ እጀታው በሽቦ የተጠቀለለ። አረንጓዴ ጀሪካን፣ ባዶ፣ እጀታው ደህና።»

ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የፈሰሰውን እንኳ አልለቀመችም።

በማግስቱ ጋሽ ግራጫን ለብቻው አገኘችው።

«ጋሼ፣ መነጽሩን ካደረጉ ወዲህ መጋዘን ገብተው ነበር?»

ሰውየው ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«የሚያስታውሱት ጀሪካን እጀታው ሽቦ ነበረው። ምን ቀለም ሆኖ አገኙት?»

«ቀይ» አለ በሹክሹክታ። «ሐሙስ ዕለት ከደጅ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት። ቀይ! አሥራ ሁለት ዓመት… የሚሆነውን አጣሁ። ዛሬ እሑድ ሁሉም ሲሰበሰቡ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን ገባኝ። መነጽሩ ውሸታም ነው። ንጹሕ ነህ ብሎ አታለለኝና ሚስቴን አስገደለኝ።»

«እስካሁን ለማንም አልነገሩም?»

«ለአንድ ሰው ብቻ።» ለማን እንደሆነ ነገራት። ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሰኞ ጠዋት አራቱንም እዚያው ልብስ ማጠቢያ ቤት ሰበሰበቻቸው። ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል። ጋሽ ግራጫ ከልጁ ጎን፣ ተኳሿ ከካውያዋ ጠረጴዛ ኋላ፣ ሹፌሩ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዐሥር አለቃው በሩ ላይ ቆሟል።

ኢንስፔክተሯ ስፒናውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሽ ግራጫ ቀይና አረንጓዴ ተምታቶብኝ ሚስቴን ገደልኩ ብሏል። እንይ። ክር የሚያስረው ቀለሙን ከለየ በኋላ ነው፤ አንድ ቋጠሮ እሳት ነው ላለው ሽቦ። ተምታቶበት ቢሆን ኖሮ አንዱ ቋጠሮ አረንጓዴው ላይ ይገኝ ነበር። ቋጠሮው የት አለ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። «ቀዩ ላይ!»

«ቀዩ ላይ። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ቀዩን ቀይ ብሎ አይቶታል፤ መነጽሩ አልዋሸም። አንድ ቋጠሮ ያሰረበትን ሽቦ ደግሞ በሕይወቱ ከእሳቱ ቦታ ሌላ የትም አስሮ አያውቅም። እዚህ ግን መሬቱ ቦታ ታስሮ አገኘነው። ከእሱ እጅ በኋላ ሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነው።»

ጋሽ ግራጫ አፉን ከፍቶ አያት።

«ያ እጅ ቀለም ይለያል፤ የቋጠሮውን ትርጉም ግን አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ክሩንም አብሮ ያዛውረው ነበር። ልጅቷ ታውቃለች። ተኳሿም ታውቃለች። 'ሽቦው እንዳይበተን ነው' ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ባለማወቅ ነው እንዴ የምወነጀለው?» አለ ሹፌሩ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

«አይደለም። ያ እጅ ካቻቪቴም አልነበረውም፤ ሣጥኑ ተቆልፏል። ብሎኑን በሌላ ነገር ገዘገዘው። እስኪ የመኪናዎን ቁልፍ።»

ሹፌሩ አልተንቀሳቀሰም። ዐሥር አለቃው ጠጋ ብሎ ቁልፉን ከሹፌሩ እጅ ወስዶ ሰጣት። የተጣመመውን ጫፍ ብሎኑ አናት ላይ ስታሳርፈው፣ ከተላጠው ጋር እንደ ጥርስና ድድ ገጠመ።

«ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ገብተዋል። ማሽኑን ጠዋት ጠዋት የሚሰካው ጋሽ ግራጫ መሆኑን ያውቃሉ። እሱ ቢሞት ሰው ሁሉ 'ዓይኑ ነው' ብሎ ይቀብረዋል። እሱ ግን ቀለም ሊያይ ወጣ፤ እህትዎ ገባች። ሮጠው ሲደርሱ 'አንቺ ነሽ እንዴ?' ያሉት ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ነበር የጠበቁት።»

ተኳሿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። «ግን ለምን? አማቹን ለምን ይገድለዋል?»

«በእርስዎ ባል ምክንያት ነው፣ እህቴ።» ኢንስፔክተሯ ፋይሉን ገለጠች። «ጋሽ ግራጫ ያን ቀን የያዘው እጀታው በሽቦ የተጠቀለለውን ጀሪካን ነበር። ያም ቀዩ ነው፤ በረኪናው፣ ትክክለኛው። ከዚያ ሌላ አልያዘም። አረንጓዴውም ግን ባዶ ነበር። ሌላ ሰው ደፍቶታል ማለት ነው። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ግራጫ በመነጽሩ ይህን አየና፣ ከሰው ሁሉ መርጦ ለአንድ ሰው ብቻ፣ መኪና ውስጥ ጎኑ ተቀምጦ፣ 'አረንጓዴውን ማን ደፍቶት ይሆን? አንተ ታስታውሳለህ?' ብሎ ጠየቀው።»

ጋሽ ግራጫ ወደ ሹፌሩ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ አልገባው ያለ ሰው ፊት ነበር። «'አረንጓዴውን ነው የያዝከው፣ በዓይኔ አይቻለሁ' ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እኔ እኮ አምኜህ ነው።»

ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ቸኩዬ ነበር» አለ ከእጆቹ ሥር። «ልብስ እጭናለሁ፣ 'በርሜሉ ጎድሏል ሙላው' ተባልኩ፤ ሳላየው ደፋሁት። ከዚያ እሱ 'እኔ ነኝ' አለ። ፖሊስም አመነው። አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ እናገር ነበር። እምላለሁ፣ እናገር ነበር! ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ቀንን ወለደ… ሐሙስ ሲነግረኝ አንገቴ ላይ ገመድ የገባ መሰለኝ።» ቀና ብሎ እህቱ ወድቃ የነበረችበትን ወለል አየ። «ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናት አላውቅም፤ እሷን ነው የማውቀው። በገዛ እጄ…»

ዐሥር አለቃው ክንዱን ይዞ ሲያነሣው እንደ ሕፃን ተከተለው።

ኢንስፔክተሯ ግን አልተነሣችም።

«አንድ የቀረ አለ» አለች። «'ማንም አልጠየቀኝም' ያለው እውነት ነው። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያን ፋይል የዘጋሁት እኔ ነኝ። የጋሽ ግራጫ ንጽሕና እዚህ ውስጥ በራሴ እጅ ተጽፎ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ባነብ ኖሮ፣ ይህ ሰው ባልተሸማቀቀ፣ እትዬ ነጭም ባልሞተች።»

ከቧንቧው ውኃ ይንጠባጠባል። ቆይታ ተኳሿ ከጠረጴዛዋ ኋላ ወጥታ ጋሽ ግራጫ ፊት ቆመች።

«አሥራ ሁለት ዓመት 'እንደምን አደርክ' እያልኩ በልቤ ስረግምህ ኖሬአለሁ።»

«አውቅ ነበር» አለ ጋሽ ግራጫ። «ይገባኛል ብዬ እቀበልሽ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ስህተቷን ጽፋ ለአለቆቿ አስገባች። ማዕረጓን ዝቅ አደረጉት፤ አልተከራከረችም። አሮጌው ፋይል እንዲታረም ግን ቢሮ ለቢሮ ተንከራትታ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዛ ወደ ጋሽ ግራጫ ቤት ሄደች። ልጅቷና ተኳሿም እዚያው ነበሩ።

«አንቺው አንብቢልኝ» አላት።

አነበበች። «…በአጣቢው ሞት ምንም ዓይነት ጥፋት ያልነበረበት መሆኑን እናረጋግጣለን።»

«እስኪ ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስተኛም አስደገማት፤ እስክትጨርስ ድረስም በትዕግሥት ጠበቃት። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፎ ለተኳሿ ሰጣት። «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለ።

ኢንስፔክተሯ ስትወጣ ተኳሿ ከጓዳ የእትዬ ነጭን ቀሚሶች ተሸክማ ብቅ አለች። አንድ በአንድ ተኩሳቸዋለች። መነጽሩን ካደረገ በኋላ እትዬ ነጭ የለበሰቻቸው አራት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትን አንድ ቀን እንኳ አላያቸውም። ልጅቷ መነጽሩን አምጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጋሽ ግራጫ ብዙ አመነታ፤ ከዚያ አደረገውና ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበ።

ተኳሿ የመጀመሪያውን ቀሚስ ብርሃኑ ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ አረንጓዴ ነው። ልጅህ የተመረቀች ዕለት የለበሰችው።»

«አረንጓዴ?» አለ ጋሽ ግራጫ። «እኔ እኮ 'ይሄ ቡናማ እንዴት ያምርብሻል' ብያት ነበር።»

«ነግራኛለች። ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።»

ጋሽ ግራጫ ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰው።

«ቀጥይ» አላት።